ትሪው ላይ የቀረችው ብልቃጥ

ኅዳር ሚካኤል ጠዋት ላሊበላ ስትጨስ እኔ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ጎረቤቶቼ ለምደውታል። «መምህር የሻው ዛሬም ኮርፏል» ይላሉ እየሳቁ። ልጆቻቸው ገለባውን፣ ያረጀውን ሰሌን፣ የተቀደደውን የጎማ ጫማ ከደጃፌ አጠገብ ከምረው ሲለኩሱት ግን ብቅ ብዬ ሳልጮህባቸው አልቀርም። በሽታ በጭስ ይባረራል ብሎ ይህን ልማድ ያመጣውን ሰው ባገኘው አንድ ሁለት የምለው ነበረኝ።

ነገሩ የእህቴ የውባንተ ነው። በደርጉ ጊዜ ነው፤ ባሏ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ወዲህ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ጠላ እየሸጠች፣ እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በታች ባለችው ክብ የድንጋይ ቤት ትኖር ነበር። ትንሹ ምናለ ገና ዳዴ የሚል ነው። ትልቋ ሸጌ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ወሬ ከጀመረች የማታባራ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ እኔን «አጎቴ መምህር» እያለች ከተማሪዎቼ ፊት የምታሳፍረኝ ልጅ ነበረች።

ሸጌ ትታፈናለች። ለበሽታዋ ሌላ ስም አልነበረንም። ደህና ስትቦርቅ ውላ፣ አቧራ በሆነ ቀን ወይም እናቷ የጠላውን ጋን ስታጥን፣ ደረቷ ሲር ሲር ማለት ይጀምራል። ጎድኖቿ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋን ሽቅብ ሰቅላ፣ አየሩን በግድ እየጎተተች ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ወሬዋ ሁሉ ያልቃል፤ የምታናግረን በዓይኗ ብቻ ነው። ውባንተ ያንን ዓይን ስታይ እሳት ላይ ያለውን ትታ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ፣ ልጅቷን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያው ትሮጣለች።

ጤና ጣቢያው ሁለት ሐኪሞች ነበሩት። መርፌ የያዘውን ሁሉ ሐኪም እንላለንና ነው እንጂ አንዱም ሐኪም አልነበረም። ኃላፊው ሸዕባን ይባላሉ፤ ከቆላው፣ ከመኪና መንገዱ ዳር ከተማ የመጡ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ቁስል በማሸግ የጀመሩ የድሮ ድሬሰር ናቸው። ሁለተኛው ጋሻዬ ነው፤ ወጣት ጤና ረዳት፣ ከሥራ ስንወጣ ዳማ የምንጫወት ጓደኛዬ። ሁለቱም መጥፎ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ቂሜን አንድ ቦታ አሳርፌ በተገላገልኩ። አልነበሩም። በሽተኛ አይሳደቡም፤ መድኃኒት አይሸጡም፤ ሸዕባን በጾማቸው ቀን እንኳ ምራቃቸው ደርቆ ቁስል ሲያጥቡ ይውላሉ።

ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ሸጌ ብዙ ጊዜ ከመሪጌታ ላቀው ጋር ትገናኝ ነበር። መሪጌታ አስም የያዛቸው ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የማን ደረት እንደሚያፏጭ መለየት ያስቸግራል።

«አንች ልጅ» አሏት አንድ ቀን፣ «እኔና አንች እኮ ባንድ ዜማ ነው የምንቆመው።»

ሸጌ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ። «እርስዎ ያረጁ ነዎት፣ መሪጌታ» አለቻቸው ሳሉ ሲለቃት።

«እኔስ አርጅቼ ነው። አንች ምን ሆነሽ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ጋሻዬ ወጥቶ ለመሪጌታ ነጫጭ ክኒናቸውን ሰጣቸው፤ ሸጌን ወደ መርፌው ክፍል አስገባት። «ምን አለበት ለሷም ከመሪጌታ ክኒን ብትቆርስላት?» አልኩት፤ ቀልዴን ነበር።

«የሷ የሳምባ ምች ነው» አለኝ ሳይቀየም። «አስም ልጅ አይይዝም፤ የትልቅ ሰው በሽታ ነው። ስንማርም እንዲያ ነው የተነገረን። ልጅ ካፈነው ሳምባ ምች ነው፤ ሳምባ ምች ከሆነ ፔኒሲሊን ነው።»

ሸዕባንም የዚያው ትምህርት ሰው ናቸው። እህቴን በቁም ነገር አስቀምጠው መክረዋታል። «ብርድ አታስነኪያት፣ ልጄ። በሩን ዝጊ፤ ሽንቁሩን ሁሉ ድፈኝ። እምድጃው አጠገብ አስተኛት። አብሽሪ፣ አላህ ያሽራታል።»

ውባንተ የታዘዘችውን የምታጓድል ሴት አይደለችም። የግድግዳውን ቀዳዳ በጨርቅ ጠቀጠቀች። እሳቱ እንዳይጠፋ ኩበት ትጨምራለች፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ከጣራው ወደ ታች ይመለሳል። እኔ ስገባ ዓይኔ እያለቀሰ እወጣለሁ፤ ሸጌ ግን እዚያው ምድጃ ጥግ በጋቢ ተጠቅልላ ትሳል ነበር። ምነው እህቴ አንድ ቀን እንኳ ሰንፋ፣ በሩን ከፍታ፣ እሳቱን ረስታ በተኛች! እስከ ዛሬ ይኸ ያንገበግበኛል።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ገብስ ልንወቃ፣ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ያባታችን አውድማ ወረድን። ሸጌ በገለባው ክምር ላይ ስትንከባለል ዋለች። ስንመለስ በበቅሎ ላይ አቅፌያት ነበር፤ ትንፋሿ እንደ ጠባብ ቀዳዳ ንፋስ ያፏጫል። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ጋሻዬ ወዲያው ፔኒሲሊኑን ወጋት። ትንሽ ቆየት ብሎ ከንፈሯ ጠቆረ፤ አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ሾክ ነው!» ብሎ ጮኸ ጋሻዬ።

ፔኒሲሊን አንዳንድ ሰው ላይ ይነሳል፤ ትንፋሽ ያቋርጣል። ለዚያ ክፉ ቀን ተብላ ከመርፌው ትሪ ጥግ ዘወትር የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አለች፤ አድሬናሊን ትባላለች። ጋሻዬ የብልቃጧን አንገት ቀጭ አድርጎ ሰበረ፤ ከውስጧ ጥቂት ስቦ ሸጌን ክንዷ ላይ ወጋት። ሸጌ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ልቧ በቀሚሷ ላይ ሲዘል ይታያል። እህቴ ልጄ ሞተች ብላ መሬት ላይ ተደፋች። ቀና ስትል ግን የሸጌ ትከሻ ወርዶ ነበር። ጎድኗ መስመጡን ተወ። ፉጨቱ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። ከስንት ወራት በኋላ የልጅቷን ደረት ዝም ብሎ አገኘነው።

«እናቴ» አለች፣ «ቆሎ አለሽ?»

ከአውድማው የያዝነውን ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ፈታችላት። ያንን ቆሎ ስትቆረጥም የሰማሁትን ድምፅ ዛሬም ብሰማው አውቀዋለሁ።

ሸዕባን ላባቸውን እየጠረጉ መጡ። «ያ ረቢ! በገዛ እጃችን ልንገላት ነበር» አሉ። ቀድሞ ይሠሩበት በነበረ ቦታ አንድ ጎልማሳ ፔኒሲሊን ወግተውት እጃቸው ላይ አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ያንን መድኃኒት እንደ እባብ ነው የሚያዩት። ውባንተን ወደ ጥግ ወሰዷት። «ስሚኝ ልጄ፣ ፔኒሲሊን ሁለተኛ እንዳይነካት። ወረቀት ብሰጥሽ ይጠፋል። ማተቧ ላይ ቀይ ክር እሰሪባት። ይችን ክር ያየ ሐኪም፣ እኔ ብሞት፣ ጋሻዬም ቢቀየር፣ አይወጋትም።»

ውባንተ ክሩን ከነጠላዋ ጥለት መዝዛ እዚያው አሰረችላት። የሸዕባንን እጅ ሳመች። ሁላችንም በጋሻዬ ቅልጥፍና ተደነቅን። ልጅቷን ያፈናት በሽታዋ እንጂ ፔኒሲሊኑ አይደለም፤ ያዳናትም የበሽታዋ መድኃኒት ነው፤ ትንሿ ብልቃጥ። ይኸ ግን ለማናችንም አልመጣልንም። ለጋሻዬም ለሸዕባንም አድሬናሊን የፔኒሲሊን ማርከሻ ነበረች። መርዙ ካልተሰጠ ማርከሻው ምን ይሠራል?

ከዚያ ወዲህ ሸጌ ስትታፈን ሽሮፕ ይሰጧታል፤ ከበድ ሲል ሌላ ክኒን። ክረምቱን እንደምንም ተወጣችው። መስከረም ላይ እኔ ክፍል ገባች። በአንገቷ ላይ ስላለው ቀይ ክር የጠየቋትን ልጆች «መርፌ ይፈራኛል» ትላቸው ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ የሚካኤልን ስም ላለመጥራት እየተጠነቀቀ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት የአካባቢ ጽዳት ዘመቻ ቀን ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ቆሻሻውን ደጃፉ ላይ ያቃጥላል፤ ያላቃጠለ ይቀጣል፣ አለ። ከዚያም «ጓድ ጋሻዬ ሳይንሱን ያስረዳን» ብሎ ተቀመጠ። ጋሻዬ ተነሥቶ በዚያ በጥሩ አንደበቱ ጭሱ ተባይን እንደሚገድል፣ የሳምባ በሽታን ከሰፈር እንደሚያባርር አስረዳ። አዳራሹ አጨበጨበ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ያላጨበጨበ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

የኅዳር ሚካኤል ጠዋት ብርድ ነበር። ንፋስ የለም። እሳቱ ከየደጃፉ ሲለኮስ ጭሱ ወደ ላይ መሄድ አቃተው፤ ከቤቶቹ መካከል ተኛ፤ አሸተን ተራራ እንኳ ከዓይን ጠፋ። ልጆች እየጮሁ በእሳቱ ላይ ይዘላሉ። የተቃጠለ ጎማና ቀንድ ይሸታል። እህቴ ገና ጭሱን ስታይ ሸጌን አስገባች፤ በሩን ዘጋች፤ እንደታዘዘችው እምድጃው አጠገብ አስቀመጠቻት። ሰው ልካ ስታስጠራኝ የልጅቷ ጥፍር ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

ትከሻዬ ላይ አድርጌያት ሽቅብ ሮጥኩ። ውባንተ ምናለን አዝላ ትከተለኛለች። የማልፍበት ደጃፍ ሁሉ ይነዳል፤ ልሸሽበት የምችል መንገድ አልነበረም። ሸጌ ጆሮዬ ሥር ታፏጫለች። ጤና ጣቢያው ግቢ ስገባ ከሁሉ የሚበልጠው ክምር የሚነደው እዚያ ነበር፤ ለአርአያነት ተብሎ።

ጋሻዬ ፊቱ ጥላሸት እንደለበሰ ከእሳቱ አጠገብ ሮጦ መጣ። አስገባናት። ትሪውን ሳበ፤ መርፌውን አነሣ፤ ቀሚሷን ከአንገቷ ገለጥ ሲያደርግ እጁ ቆመ።

«ክሩ» አለ።

ሸዕባን ደረሱ። ክሩን አዩት፤ መርፌውን ከጋሻዬ እጅ ወሰዱት።

«እንዳምናው አርጉላት!» አለች ውባንተ። «አምና ያረጋችሁላትን አርጉላት!»

«አምናማ ልንገላት ነበር፣ ልጄ።»

«አምና ድናለች! ቆሎ ጠይቃኛለች!»

«ከመርፌው ተርፋ ነው የዳነችው። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እኔም አይቻለሁ! ሁለቱንም ውጓት። ያንንም ይኸንንም። እግራችሁን ልሳመው፣ ሁለቱንም ስጧት!»

መሬት ላይ ወድቃ የሸዕባንን እግር ያዘች። ምናለ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ያለቅሳል። ጋሻዬ ወደ ኃላፊው ቀና አለ፤ የሚፈቅዱለት ነገር ካለ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሸዕባን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፔኒሲሊኑ ይገድላታል። አድሬናሊኗ ደግሞ ያለሱ ከተወጋች ልብ ታቆማለች። በልጅ ነፍስ አልጫወትም።» መርፌውን ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጡ። ትንሿ ብልቃጥ ከትሪው ጥግ እንደተቀመጠች ናት፤ ሁላችንም ፊት።

የሚያውቁትን አደረጉ። መስኮቱን ዘጉ። በብርድ ልብስ ጠቀለሏት። ደረቷን አሹላት። ሽሮፑን በማንኪያ አቀረቡላት፤ መዋጥ አልቻለችም፤ በአገጯ ወረደ። ሸጌ እናቷን ታያለች። እኔን ስታየኝ ዓይኔን ሰበርኩ።

ከዚያ ፉጨቱ ቀጠነ። ቀጠነ። ጠፋ።

«ተሻላት!» አለ ጋሻዬ፤ ፊቱ በራ። «ደረቷ ዝም አለ፣ ስሙ!»

አመንነው። አምናም እንዲህ ነበር የሆነው። ውባንተ ከመሬት ተነሥታ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ «ቆሎ ላምጣልሽ?» አለቻት። ሸጌ አልመለሰችላትም። ዝም ያለው ደረት አየር የሚያስገባበት ቀዳዳ ጨርሶ ስለተዘጋ ነበር። ይህንን ስናውቅ ልጅቷ የለችም።

በቀብሩ ዕለት ሸዕባን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደ ሴት አነቡ። እህቴ ልጇን ሲገንዟት ማተቡን አልነካችም፤ ቀዩን ክር ግን ፈትታ የምናለ አንገት ላይ አሰረችው። ማንንም አልወቀሰችም። «በሩን ቶሎ ባለመዝጋቴ ነው» ትላለች፤ ለቅሶ የመጣውን ሁሉ «በሩን ቶሎ ባለመዝጋቴ ነው» ትላለች። እኔ ጤና ጣቢያውን ስረግም እንኳ ትቆጣኛለች። «ሐኪሞቹ የቻሉትን አርገዋል፤ እኔ ነኝ ያሳለፍኳት» ትለኛለች።

በዓመቱ ሸዕባን ወደ አገራቸው ተዛወሩ። ጋሻዬ ለተጨማሪ ትምህርት ደሴ ከርሞ ተመለሰ። ከተመለሰ ወዲህ ዳማ አልተጫወትንም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ይታጠፋል፤ እህቴ ቤት ደጃፍ አያልፍም። ኩራት መስሎኝ ተቀየምኩት፤ ጠላ ቤት ስሙ ሲነሣ «አሁንማ ደሴ የገባ ሰው ሆነ» እያልኩ አማሁት።

ሚያዝያ ላይ ምናለ ታፈነ።

ትከሻውን ሰቅሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ሳየው ሸጌ ተነሥታ የመጣች መሰለኝ። ውባንተ ጤና ጣቢያ አልሄድም አለች። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ «እዚሁ እቤቱ ይሙት፤ እዚያ ሲሞት አላይም» አለች። ልጁን ቀምቻት ሮጥኩ። እየጮኸች ተከተለችኝ።

ጋሻዬ ብቻውን ነበር። ምናለን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ጆሮውን ከልጁ ጀርባ ላይ ለጠፈ፤ ሰማ። ቀና ሲል ቀዩን ክር አየው። በሁለት ጣቱ ያዘና በጠሰው።

«ምን ነካዎ፣ ሐኪም!» ብላ ውባንተ እጁ ላይ ተንጠለጠለች። «የእህቱ ክር ነው!»

«ያዛት፣ የሻው» አለኝ። ያዝኳት። ጋሻዬ ከትሪው ጥግ ትንሿን ብልቃጥ አነሣ፤ አንገቷን ቀጭ አደረገ፤ ጥቂት ስቦ የልጁ ክንድ ላይ ወጋ። ፔኒሲሊን አልነካም።

«አስም ነው» አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «ልጅም ይይዛል።»

ቆመን ጠበቅን። ምናለ ተንቀጠቀጠ፤ ልቡ ዘለለ። ከዚያ ትከሻው ወረደ። ጎድኑ መስመጡን ተወ። ዓይኑ ዙሪያውን ይቃኝ ጀመር፤ ደረቱ ወጣ ገባ ሲል ዝም ብሎ አየር ይገባል፣ አየር ይወጣል።

«እናቴ፣ ራበኝ» አለ።

ውባንተ ልጁን አላየችውም። ያየችው ጋሻዬ ትሪው ላይ ያስቀመጣትን የተሰበረች ብልቃጥ ነው። አንሥታ መዳፏ ላይ አገላበጠቻት። የጣት ጫፍ አታህልም።

«ይችው ናት?» አለች።

«ይችው ናት።»

«ሌላ ምንም የለ?»

«የለም።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ላለመስማት የፈለገች በሚመስል ሁኔታ፣ «ያን ለትስ ነበረች?» አለችው።

ጋሻዬ መዋሸት ይችል ነበር። ያን ዕለት አልቆባቸው ነበር ቢላት ማን ያውቃል? እኔ እንኳ እንዲዋሽ ፈልጌ ነበር።

«ነበረች» አለ። «እትሪው ላይ ነበረች።»

«ስጧት ብዬ ነበርኮ።»

«ብለሽ ነበር።»

ምናለን ታቀፈች፤ ነጠላዋን አለበሰችው፤ ወጣች። ሸጌና መሪጌታ ይቀመጡበት ከነበረው አግዳሚ ስትደርስ ተቀመጠች። ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች እሪ አለች። በሸጌ ቀብር እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም።

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ልጁ የሞተ መሰለው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ «ወየው፣ ሁለተኛውንም!» ብለው ተነሡ። መሪጌታ ላቀው መቋሚያቸውን ተደግፈው እያፏጩ መጡና እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሏት።

ምናለ ከነጠላው ውስጥ አንገቱን አወጣ፤ የሚያለቅሰውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ የእናቱን አገጭ በእጁ ይዞ ወደ ራሱ አዞረና ቆሎ እንድትሰጠው ለመናት።